ዩኒቨርሲቲ ከመሙላታችሁ በፊት ዲፓርትመንቱን አወዳድሩ፦ ለጅማ የናቹራል ተማሪዎች

«የት ሞላሽ?» የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ከሄርማታ እስከ ቦሳ ቂጦ የሚሰማው ይኸው ነው። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ስም ትጠራለች። ጠያቂው «ጎበዝ!» ይላል። ወሬው እዚያው ያበቃል። «ምን ልትማሪ ነው?» የሚል ሰው ብዙም አይገኝም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ናቹራል የተማረ ልጅ ግቢ ከገባ በኋላ ዕድሜውን የሚያሳልፈው በአንድ ዲፓርትመንት ክፍልና ላብ ውስጥ ነው። ሥራ ፍለጋ ሲወጣም መጀመሪያ የሚጠየቀው በምን እንደተመረቀ ነው። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ውስጡ ይታይ።

ሕክምናና ምህንድስና በየቤቱ ስለሚወራላቸው እዚህ ብዙ አላነሳቸውም። የማተኩረው ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስና በዙሪያቸው ባሉት ላይ ነው። አወዳደሩ ግን ለሌላውም ይሠራል።

መጀመሪያ፦ ምን እየመረጣችሁ እንደሆነ ይግባችሁ

በመንግሥት ምደባ ቀድሞ የሚሞላው ዩኒቨርሲቲ ነው። ዲፓርትመንት ኋላ ይመጣል። ተማሪው በትምህርት ሚኒስቴር ፖርታል ላይ ዩኒቨርሲቲዎችን በቅደም ተከተል ይሞላል፣ ይመደባል፣ አንደኛ ዓመት ፍሬሽማን የሚባሉትን የጋራ ኮርሶች ይማራል። ከ2012 ዓ.ም ወዲህ አካሄዱ በዚህ መልክ ነው። ፍሬሽማን ሲያልቅ ባለበት ግቢ ውስጥ ካሉት ዲፓርትመንቶች ይመርጣል። እዚያ ደግሞ ፉክክር አለ። በዋናነት የሚወስነው የፍሬሽማን ጂፒኤ፣ ማለትም ከ4.0 የሚያዘው አማካይ ውጤት ነው።

ይህን ብዙ ልጆች ያውቁታል። ምን ማለት እንደሆነ ግን ቆም ብለው አያስቡትም። ዩኒቨርሲቲ ስትሞሉ የዲፓርትመንት ዝርዝር እየሞላችሁ ነው። ግቢው ውስጥ የሌለ ዲፓርትመንት በ4.0 ጂፒኤም አይገኝም። ጂኦሎጂ የሚያምረው ልጅ ጂኦሎጂ የሌለበት ግቢ ከገባ ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ ማለት ነው። ሜትሮሎጂ (የአየር ሁኔታ ሳይንስ) የምትፈልግ ልጅ ደግሞ ትምህርቱ ያለበትን አርባ ምንጭን ከዝርዝሯ ግርጌ ካስቀመጠች የምትፈልገውን በገዛ እጇ አራቀችው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይሄ ነው። የምትፈልጉትን አንድ ዲፓርትመንት ብቻ ሳይሆን ሦስት ጻፉ። ከዚያ ሦስቱም፣ ቢያንስ ሁለቱ፣ የሚገኙባቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ለዩ። አንደኛው በጂፒኤ ቢያመልጣችሁ ሁለተኛው እዚያው ግቢ ይጠብቃችኋል።

እዚሁ ደጃችን ካለው እንነሳ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብና ስታቲስቲክስ አሉት። ከዚያ ውጭ ጤናው አለ፣ ግብርናና እንስሳት ሕክምናው አለ። ቂጦ ፉርዲሳ ባለው የቴክኖሎጂ ግቢ ደግሞ እንደ ባዮሜዲካልና ማቴሪያል ያሉ ለሳይንስ ቅርብ የሆኑ የምህንድስና ዘርፎች አሉ። ባዮሎጂ ለሚወድ ልጅ ይህ ሰፊ ዝርዝር ነው። በሌላ በኩል የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይንሱን ወደ ተግባር በተጠጋ መልኩ ያስተምራሉ፤ አዳማ ላይ «አፕላይድ» ባዮሎጂ፣ «አፕላይድ» ኬሚስትሪ የሚባሉት ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። እዚያ የምታስቡ ከሆነ የምዝገባ ቀኑን ለብቻው ተከታተሉ። ሌላውን ስትጠብቁ እንዳያልፋችሁ።

የግል ኮሌጅ ለምታስቡ አንድ ነገር ልበል። ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ብቻ አይደለም። ለእያንዳንዱ ትምህርትና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ዕውቅና አለው ማለት ጅማ ያለው አለው ማለት አይደለም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ አጣሩ።

ስለራሳችሁ ጥቂት ጻፉ

ይህ ረጅም ሥራ አይደለም። አንድ ምሽት ይበቃዋል። የ9ኛን፣ የ10ኛን፣ የ11ኛንና የ12ኛን ካርድ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የመልቀቂያ ፈተናው የጥቂት ቀን ውጤት ነው። ካርዱ ግን የአራት ዓመት ነው። የትኛው ትምህርት በየዓመቱ እየጨመረ ሄደ? ማንም ሳያዛችሁ የምትከፍቱት መጽሐፍ የቱ ነው?

ቀጥሎ የማትችሉትን ጻፉ። እዚህ ላይ ለራሳችሁ እውነቱን ተናገሩ። «ባዮሎጂ እወዳለሁ፣ ኬሚስትሪ ግን አይሆንልኝም» የሚል ተማሪ ባዮሎጂ ውስጥ ባዮኬሚስትሪና ሞለኪዩላር ባዮሎጂ እንደሚጠብቁት ይወቅ። ስታቲስቲክስ የሚመርጥ ከካልኩለስና ከኮምፒውተር አያመልጥም። በዚህ የተነሳ ፍላጎታችሁን ጣሉት ማለቴ አይደለም። ምን እንደሚያስከፍላችሁ ቀድማችሁ እወቁ ነው።

ካሪኩለሙን አግኙ፣ ከዚያም ከኋላ ወደፊት አንብቡት

በየዲፓርትመንቱ የኮርስ ዝርዝር አለ። ስሙ፣ የክሬዲቱ ብዛት፣ በየትኛው ዓመትና ሴሚስተር እንደሚሰጥ ተጽፏል። አንዳንዱ በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ካልተገኘ ሲኒየር ተማሪ ጠይቁ። አብዛኛው ስልኩ ላይ በፎቶ ወይም በፒዲኤፍ አለው። በቴሌግራም ይልክላችኋል። የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ቢሮ ሄዶ መጠየቅም ነውር የለውም።

ስታነቡ የፍሬሽማኑን ገጽ ዝለሉት። ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ የናቹራል ሒሳብ፣ ጄኔራል ፊዚክስ፣ ጄኔራል ባዮሎጂ የትም ቢኬድ አንድ ናቸው። ለማወዳደር አይረዷችሁም። በሦስተኛው ዓመት ጀምሩ። ከዚያ አራተኛውን፣ መጨረሻ ላይ ሁለተኛውን። የዲፓርትመንቱ ትክክለኛ መልክ ሦስተኛው ዓመት ላይ ይወጣል።

እርሳስ ያዙና ከእያንዳንዱ ኮርስ ጎን ፊደል ጻፉ። ላብ ያለው ከሆነ «ላ»። ሒሳብ የሚበዛው ከሆነ «ሒ»። ወደ መስክ የሚያስወጣ ከሆነ «መ»። ኬሚስትሪ ላይ ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ ላቡ ራሱን የቻለ ኮርስ ሆኖ «ፕራክቲካል» በሚል ስም ይመጣል። ክሬዲቱ 1 ብቻ ሊሆን ይችላል። በሳምንት የሚወስደው ግን ግማሽ ቀን ነው፣ ሪፖርቱ ሲጨመር ደግሞ ማታውንም ይበላል። በክሬዲት ብቻ የቆጠረ ሰው ይህን አያየውም።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደረስን። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ዲፓርትመንት ካሪኩለም በአገር ደረጃ እንዲመሳሰል ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። የጅማን ኬሚስትሪና የሌላውን ኬሚስትሪ በወረቀት ብታስተያዩ ጥቂት ኤሌክቲቭ (የምርጫ ኮርስ) ካልሆነ በቀር ያው ነው። በዚህ ምክንያት እኔ ለልጆች የምላቸው ይህን ነው። ሁለት ዲፓርትመንት ለማወዳደር ወረቀቱን አንብቡ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ ለማወዳደር ግን ላቡንና መምህሩን እዩ። ይህ ከተደባለቀ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ስማቸው ተቀራራቢ ሆኖ ውስጣቸው የሚራራቅ ዲፓርትመንቶች አሉ። እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ብትመረምሩ ይክሳችኋል።

ሒሳብና ስታቲስቲክስን ውሰዱ። የእህቴ ልጅ ሁለቱ አንድ ይመስሏት ነበር። «ሁለቱም ቁጥር ነው» ትላለች። ሁለት ጥያቄ ጻፍኩላት። አንደኛው፦ የ2 ስኩዌር ሩት በክፍልፋይ ሊጻፍ እንደማይችል አረጋግጪ። ሁለተኛው፦ አንድ ገበሬ አሥር የቡና ችግኝ ጥላ ሥር፣ አሥር ደግሞ ፀሐይ ላይ ተከለ፤ ከስድስት ወር በኋላ የሁሉም ቁመት በሴንቲ ሜትር ይኸው፤ ልዩነቱ ከጥላው ነው ወይስ እንዲያው የአጋጣሚ? ቁመቶቹን ራሴ ነበር የሞላሁት። ልጅቷ የመጀመሪያውን አነበበችና አለፈችው። ሁለተኛው ላይ ተቀመጠች። አማካዩን አወጣች። ቀጥላ ከጥላ ሥሮቹ አንደኛው ችግኝ በጣም አጭር መሆኑን አየችና «ይሄ ታምሞ ቢሆንስ?» አለችኝ። ማንም ሳያስተምራት የስታቲስቲክስ ጥያቄ ጠየቀች። ሒሳብ ዲፓርትመንት ውስጥ የሚበዛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ሪል አናሊሲስ፣ ሞደርን አልጀብራ፣ ነምበር ቲዮሪ፣ ሁሉም ማረጋገጫ ነው። ስታቲስቲክስ ውስጥ ናሙና አወሳሰድ፣ ሪግሬሽን፣ የሙከራ አነዳደፍ፣ ታይም ሲሪስ ይመጣሉ፤ ከመረጃና ከሶፍትዌር ጋር ያውላሉ። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ሰውየውን ግን ይለያሉ።

ኬሚስትሪ፣ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪና ኬሚካል ምህንድስናም እንደዚሁ ናቸው። ኬሚስትሪ ንጥረ ነገሩ ምን እንደሆነና ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ይጠይቃል። ኢንዱስትሪያሉ ከዚያው ዕውቀት ተነስቶ ወደ ሳሙና፣ ቀለም፣ ቆዳና የምርት ጥራት ይሄዳል። ኬሚካል ምህንድስና ደግሞ የሚያስበው ስለ ቱቦው፣ ስለ ታንከሩና ስለ ሙቀቱ ነው፤ በሊትር የተሠራውን በሺህ ሊትር እንዴት እናድርገው ይላል። ጊዜውም ይረዝማል። ብልቃጥ ይዞ ቀለም ሲቀየር ማየት ደስ የሚለው ልጅ «ምህንድስና ይሻላል» ተብሎ ሦስተኛው ቢገባ ያ ደስታ እዚያ ብዙም አይገኝም።

ባዮሎጂ፣ ባዮቴክኖሎጂና ሜዲካል ላቦራቶሪ ሦስተኛው የሚያምታታ ቡድን ነው። ባዮሎጂ ከሁሉም ሰፊ ነው፤ ዕፀዋት፣ እንስሳት፣ ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ዘረመል፣ ሥነ ምህዳር። ባዮቴክኖሎጂ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ መሣሪያ ከሌለ ወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከሦስቱ ላቡ ካልታየ በፍጹም መመረጥ የሌለበት እሱ ነው። ሜዲካል ላቦራቶሪ ሙያ ነው። የሰው ደም፣ ሽንትና አክታ ላይ ይሠራል፤ ተመራቂው የጤና ባለሙያ ሆኖ ፈቃድ ያወጣል። ሥራው የት እንዳለ ቀድሞ ይታወቃል።

ፊዚክስን በአጭሩ ልለፈው። የሚመርጠው ጥቂት ነው። በዚያ ምክንያት ክፍሉ ጠበብ ይላል፣ መምህሩም ስማችሁን ያውቃል። ለሚወደው ልጅ ትልቅ ዕድል ነው።

ላቡን በዓይናችሁ እዩ

ጅማ የምትኖሩ ልጆች ሌላው የማያገኘው ዕድል አላችሁ። ዩኒቨርሲቲው በባጃጅ የሚደረስ ቦታ ነው። ዝም ብላችሁ በር ላይ ከሄዳችሁ ግን ጥበቃው ላያስገባችሁ ይችላል፣ እሱም ሥራውን ነው የሚሠራው። ከትምህርት ቤታችሁ ደብዳቤ አጽፉ። አራት አምስት ሆናችሁ ከአንድ መምህር ጋር ሂዱ። ሴሚስተሩ መሀል ላይ ሲሆን ይመረጣል። ዕረፍት ላይ የተዘጋ ላብ ምንም አይናገርም።

ገብታችሁ መሣሪያ አትቁጠሩ። መሣሪያ በሞላበት ሥራ የማይሠራበት ላብ አለ። እኔ ስሙን የማልጠራው አንድ ግቢ ውስጥ አዲስ መሣሪያ ፕላስቲኩ ሳይገለጥ ዓመታት ሲቀመጥ አይቻለሁ። የሚያስተምረው ሰው ትምህርት ላይ ስለነበር የሚነካው አልተገኘም። ስለዚህ የላብ ቴክኒሻኑን ፈልጉና በትሕትና ይህን ጠይቁ፦ «ባለፈው ሴሚስተር ስንት ላብ ታቅዶ ነበር፣ ስንቱ ተሠራ?» ይህ አንድ ጥያቄ ከብሮሹር ሁሉ ይበልጣል። «አሥር ታቅዶ ዘጠኝ ሠራን፣ አንዱ ኬሚካል አልቆ ቀረ» ካላችሁ ያ ላብ በሕይወት አለ።

ቀጥላችሁ እነዚህን እዩ። በአንድ ማይክሮስኮፕ ስንት ተማሪ ይሠራል? ሁለት ከሆነ መልካም ነው። ስምንት ከሆነ ሁለቱ ያያሉ፣ ስድስቱ ይገለብጣሉ። ስሱው ሚዛን ጠረጴዛው የማይነቃነቅ ነው ወይ? ውሃው ይመጣል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ላቡንም ይጨምራል ወይስ ቢሮውን ብቻ?

ኬሚስትሪ ላብ ከሆነ መርዛማ ጋዝ የሚስበው ባለ መስታወት ሳጥን አለ፤ ሁድ ይሉታል። እንዲያበሩት ጠይቁና ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አፉ ላይ ያዙ። ወረቀቱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ይሠራል። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ሳጥኑ ቁም ሳጥን ሆኗል ማለት ነው። ይህ የልጆቹን ሳንባ የሚመለከት ነገር ስለሆነ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ጅማ ውጭ ላለው ዩኒቨርሲቲስ? ሰው ጠይቁ። በየሰፈሩ አዲስ አበባ፣ መቱ፣ ወልቂጤ፣ ሐዋሳ የሚማር ልጅ አለ፣ ለሴሚስተር ዕረፍት ይመጣል። ቡና ጋብዙት። «ግቢው እንዴት ነው?» ካላችሁት «አሪፍ ነው» ወይም «ባክህ ተወው» ይላችኋል፣ ሁለቱም ምንም አይጠቅሙም። ቁጥር የሚያስመልስ ጥያቄ አምጡ። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ላብ ገባችሁ? ሦስተኛ ዓመት ስንት ናችሁ? ያልተሰጠ ኮርስ አለ? የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ማን አማከራችሁ፣ በሳምንት ስንቴ አገኛችሁት? ደግሞ ከአንድ ሰው አትስሙ። የወደደውንም የተማረረውንም ፈልጉ።

ማን ያስተምራል?

በድረ ገጽ ላይ የሚታየው የመምህራን ስም ዝርዝር ሙሉውን እውነት አይናገርም። ከስሞቹ መካከል ለትምህርት ውጭ የሄዱ አሉ። ጥያቄው ስንት ዶክተር አለ ሳይሆን ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመትን የሚያስተምሩት እነማን ናቸው ነው። ሲኒየሮቹ ያውቃሉ። በተጨማሪ ዲፓርትመንቱ ማስተርስ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ። ማስተርስ ካለ ምርምር የሚሠራ ሰውና የሚነካ መሣሪያ የመኖሩ ዕድል ይሰፋል፣ ጎበዝ የሆነ የዲግሪ ተማሪም ከነሱ ጋር ተጠግቶ ይማራል።

ቁጥሮች፣ ሲያግዙና ሲያሳስቱ

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ማንም የዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና (ኤግዚት ኤግዛም) ይወስዳል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ኤግዚት ኤግዛም ለናንተ ማወዳደሪያ ይሆናል፣ ምክንያቱም የአንድ ዲፓርትመንት ተማሪዎች በየትኛውም ግቢ የሚፈተኑት አንድ ፈተና ነው። ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው ውጤቱ የዲፓርትመንቱ ነው ወይስ የዩኒቨርሲቲው በጥቅሉ የሚለው ነው። የዩኒቨርሲቲው ጥቅል ቁጥር ስለ ፊዚክስ ምንም አይነግራችሁም። ሁለተኛው ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ የሚለው ነው። አምስት አስፈትኖ አምስቱን ያሳለፈ ዲፓርትመንት 100 በመቶ ይላል። ሰማንያ አስፈትኖ ስድሳ ያሳለፈው 75 በመቶ ነው። የትኛው ጠንካራ እንደሆነ ከዚህ ብቻ አይታወቅም፤ የሁለት ሦስት ዓመቱን ደርድሩ።

ሌላው ጠቃሚ ቁጥር ዲፓርትመንቱ ባለፈው ዓመት የተቀበለው ዝቅተኛ ጂፒኤ ነው። ፍሬሽማኑን የጨረሱ ልጆች በቃላቸው ይነግሯችኋል። ወደ ጤናው ዘርፍ የሚደረገው ፉክክር ከባድ በሆነበት ግቢ «ጤና ካልሆነ ባዮሎጂ» ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ባዮሎጂውን ከልባችሁ ትፈልጉት እንደሆነ አሁኑኑ ወስኑ። ብዙ ልጅ እዚያ ሲደርስ ያኮርፋል፣ አኩርፎ የሚማር ደግሞ አይማርም።

የዓለም ደረጃ የሚባለውን ግን ለዚህ ጉዳይ ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ። በአብዛኛው የሚለካው የታተመ ምርምርንና ዝናን ነው። ሦስተኛ ዓመት ላብ ውስጥ ሪኤጀንት (ለሙከራ የሚያስፈልገው ኬሚካል) መኖሩን አይለካም።

ቦታው ለትምህርቱ ምን ይሰጣል?

ይሄኛው ጥያቄ የተረሳ ነው። ሳይንስ ከግቢው አጥር ውጭ ባለው ነገር ይጎለብታል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም የተመሠረተው የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተቀላቅለው ነው። ሁለቱ ሥሮቹ እስከ ዛሬ ይታያሉ። ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት የሚሉት አካሄድ መታወቂያው ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ቀበሌና ወደ ገጠር ይወጣሉ፣ ቤት ለቤት መረጃ ይሰበስባሉ፣ ችግሩን ለይተው ያቀርባሉ። ክፍል ውስጥ መቀመጥ ብቻ የሚፈልግ ልጅ ይህን ላይወደው ይችላል። ከሰው ጋር መሥራት የሚወድ ግን ሌላ ቦታ በቀላሉ አያገኘውም።

መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ በቡና ምርምር አገር የሚያውቀው ነው። የቡና በሽታ፣ የቡና ዘረመል፣ የቡና ኬሚስትሪ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለመሥራት የሚያስብ ልጅ ከጅማ የተሻለ ቦታ የት ያገኛል? ግልገል ጊቤ አካባቢ በወባና በወባ ትንኝ ላይ ብዙ ጥናት ተሠርቷል። የሕክምና ማዕከሉም እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው።

በተመሳሳይ ዓይን ሌላውን እዩ። አርባ ምንጭ ሁለት ሐይቅና ስምጥ ሸለቆ አላት፤ የውሃው ትምህርት እዚያ የበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በወንዶ ገነት በኩል ደን አለው። ቦንጋና ሚዛን የጥቅጥቅ ደን አገር ናቸው። ፊዚክስና ሒሳብ ለሚማር ልጅ ይህ ብዙም ለውጥ ላያመጣ ይችላል። ለባዮሎጂ ተማሪ ግን ግማሽ መጽሐፍ ነው።

ቤተሰብ፣ ገንዘብ፣ ርቀት

እዚህ ላይ ወላጆችን ላነጋግር። እናቶች፣ አባቶች፣ «ዶክተር ትሆንልኛለች» ማለት ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ሁሉም የናቹራል ተማሪ ሕክምና አይገባም፤ ቦታው ውስን ነው። ቀድማችሁ ስለ ሌሎቹ ትምህርቶች ከልጃችሁ ጋር አውሩ። ስታቲስቲክስ የተማረ ምን ይሠራል ብላችሁ ጠይቁ። ባንክ፣ ምርምር ማዕከል፣ ጤና ቢሮ፣ የስታቲስቲክስ አገልግሎት መረጃ የሚተነትን ሰው ይፈልጋሉ። ኬሚስትሪ የተማረ በውሃ፣ በመድኃኒት፣ በምግብና በመጠጥ ፋብሪካ ጥራት መቆጣጠር ላይ ይገባል። መምህርነት ለሚያስብ ልጅ ደግሞ የመምህርነት ሥልጠናው ለብቻው እንዳለ ይታወቅ፤ ወይም ኮተቤ ያለውን የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይመልከት።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወጪ መጋራቱ የትም ቢሆን አለ። ሲመዘገቡ ይፈረማል፣ ሥራ ሲያዝ ይከፈላል። ልዩነት የሚያመጣው የኪስ ገንዘቡና መንገዱ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አልፎ ለሚሄድ ልጅ የደርሶ መልሱን ሒሳብ ለሙሉ ዓመት አስሉት። እዚሁ ጅማ መቅረትም የራሱ ጣጣ አለው። ሰርግ፣ ልቅሶ፣ ሱቅ ጠብቅልኝ፣ ሁሉም ቤት ቅርብ ያለን ልጅ ይጠራል። ጅማ ከቀራችሁ ዶርም ግቡ፣ ቤት የምትመጡበትንም ቀን ከወዲሁ ተነጋገሩበት።

የጤና ችግር ወይም ሌላ ልዩ ምክንያት ያለበት ልጅ ማስረጃውን ቀድሞ ያዘጋጅ። ለልዩ ሁኔታ ማመልከቻ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው።

አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡት

አሁን አንድ ወረቀት ጎን ለጎን አስምሩ። ከላይ ሦስት ወይም አራት ምርጫ፤ ዩኒቨርሲቲውንና ዲፓርትመንቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ። «ጅማ፣ ባዮሎጂ»፤ «ሐዋሳ፣ ባዮሎጂ»፤ «ጅማ፣ ስታቲስቲክስ»። በግራ በኩል ያገኛችሁትን መልስ ደርድሩ፦ ላብ ከታቀደው ስንቱ ተሠራ፣ ሦስተኛ ዓመት ስንት ተማሪ፣ የኤግዚት ውጤት፣ ዝቅተኛ ጂፒኤ፣ ቦታው የሚሰጠው፣ የዓመቱ ወጪ። ያላገኛችሁትን ባዶ ተዉት። በግምት አትሙሉት። ባዶው የበዛበት ምርጫ ገና ያልተጠየቀ ምርጫ ነው።

አንዳንዶች ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጥታችሁ ደምሩ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሲደመር ጥሩ ካፌና ቅርብ መንገድ የሌለውን ላብ ይሸፍኑታል። ይልቅ መጀመሪያ የማጣሪያ ጥያቄ ይኑራችሁ። ላቡ ይሠራል? ሁለተኛ ምርጫዬ የሆነው ዲፓርትመንት እዚያው ግቢ አለ? ቤተሰቤ ወጪውን ይችላል? ከሦስቱ አንዱ «አይ» ከሆነ ያ ምርጫ ወደ ታች ይውረድ። ሌላው ዝርዝር የሚያስፈልገው በቀሩት መካከል ለመለየት ነው።

ስትሞሉ

ራሳችሁ ሙሉ። ኢንተርኔት ቤት ብትሄዱም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ስጠኝ እኔ ልሙላልህ» የሚለው ልጅ ቅደም ተከተላችሁን በስህተት ሊያዛባው ይችላል። የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ። የመጀመሪያ ምርጫችሁን አንደኛ አድርጉ፤ ጓደኛ ስለሞላ አትከተሉ። ከማስገባታችሁ በፊት ስማችሁንና የፈተና ቁጥራችሁን፣ ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። ስታስገቡ ስክሪኑን ፎቶ አንሱት። የመጨረሻው ቀን ላይ ፖርታሉ ስለሚጨናነቅ አታዘግዩ።

ወረቀቱን አትጣሉት። ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ፍሬሽማኑ ሲያልቅ የዲፓርትመንት ፎርም ይመጣል፣ ለመሙላት የሚሰጠው ደግሞ ጥቂት ቀን ነው። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ስለሆናችሁ ባዶ የቀሩትን ቦታዎች በእግራችሁ ሄዳችሁ ትሞሏቸዋላችሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከየዲፓርትመንቱ አንድ አንድ ሲኒየር ብትተዋወቁ ሥራው ከወዲሁ አልቋል።